የበግ ራስ ቅል ለማጽዳት ጢንዚዛ ወይስ ባልዲ? ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየመጣብኝ ነው፤ «የበጉን ራስ ቅል አጽድቼ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር፤ ሥጋ የሚበሉትን ጢንዚዛዎች ከየት ላግኝ?» የሚል። ሥራዬ ለማስተማሪያ የሚሆን የእንስሳት አጥንት ማዘጋጀት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካጸዳሁት ያበላሸሁት ይበልጣል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እጄ ባዶ ስለሆነ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ጢንዚዛ እኛ አገር አለ? እውነት አጥንቱን ሳይነካ ሥጋውን ብቻ ነው የሚበላው?

አለ። ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ፤ ደርቆ የተከመረ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ወንፊት የሚያደርገው እሱ ነው። የደረቀ ዓሣም አይምርም። የሳይንስ ስሙ ደርመስቴስ ማኩላተስ ይባላል፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ጢንዚዛ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ትልቁ ሳይሆን እጩ ነው፤ ቡናማ፣ ጠጉራም፣ መቀመጥ የማያውቅ ትል። ብዙ ሺህ እጭ ያለበትን ሣጥን ከፍተህ ጆሮህን ብታስጠጋ ጤፍ ሲነፋ የምትሰማውን ዓይነት ድምፅ ትሰማለህ።

የቆዳ ነጋዴው ጠላት ለሙዚየም ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ባንከር የተባለ ሰው ዘዴውን አደራጀው፤ ተማሪዎቹም ወደየሄዱበት ይዘውት ሄዱ። ዛሬ የበርክሌይም የለንደንም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የራሱ የጢንዚዛ ክፍል አለው። የሚወደዱበት ምክንያት አፍንጫ ውስጥ ነው። የበግን አፍንጫ ከፊት ለፊት ብታይ እንደ ወረቀት ሳስተው የተጠቀለሉ አጥንቶች አሉ። ቢላዋ ያደቅቃቸዋል፣ የፈላ ውሃም ያበላሻቸዋል፤ እጩ ግን በመካከላቸው ሹልክ ብሎ ገብቶ አጽድቷቸው ይወጣል።

አጥንቱን አይነካም የሚባለው በጊዜው ካወጣኸው ነው። ረስተኸው ከሰነበተ ልም አጥንቱንም ጅማቱንም ይጨርስና ራስ ቅሉ ተበታትኖ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ለአንድ በግ ስንት ጢንዚዛ ይበቃኛል? ቤት ውስጥ ላረባቸው አስቤ ነበር።

ለአንድ በግ ብለህ አታርባ። ጥቂት መቶ ብታገኝ አንድ የበግ ጭንቅላት ላይ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ በሳምንት ለመጨረስ ብዙ ሺህ ያስፈልጋል። እነዚያ ሁሉ ደግሞ በጉ ሲያልቅ ሌላ ይጠብቃሉ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። የበሰበሰና እርጥብ ሥጋ ሳይሆን ትንሽ ጠውለግ ያለ ነው የሚወዱት። ከእንቁላል እስከ ጢንዚዛ አምስትና ስድስት ሳምንት ስለሚፈጅባቸው አንዴ ካለቁብህ እንደገና ማብዛቱ ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉም የሚብሰው ማምለጣቸው ነው። እጩ ወደ ጢንዚዛ ለመለወጥ ሲደርስ የሚቀበርበት ነገር ይፈልጋል፤ እንጨትም ፎምም በስቶ ይገባል። እኔ መስታወት ሣጥን ተጠቅሜ ጠርዙን በሲሊኮን ብቻ አሽጌ ነበር። ሁለት ወር ዕረፍት ወጥቼ ስመለስ ሲሊኮኑን ቀርጥፈው ወጥተዋል። በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ በገለባ የተሞሉ የወፍ ናሙናዎች ነበሩ። ቁም ሣጥኑን ስከፍተው ላባው እንደ ጉም ወረደ፤ የቆሙት ሽቦዎቹ ብቻ ነበሩ። ለማን ይነገራል? የጸሐፊዋ ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አንተ ቤት የተሞላ ወፍ ላይኖር ይችላል፤ ግን ብራና፣ ከበሮ፣ አገልግል፣ ቁርበት ወይም የአያት በርኖስ ያለበት ቤት ውስጥ እነዚህን ነፍሳት ማርባት ቤትህን ለብል አሳልፎ መስጠት ነው። ጢንዚዛን ለአይጥ፣ ለሌሊት ወፍ፣ ለትንንሽ ወፎች ተዉት፤ እዚያ የሚተካቸው የለም፤ የወፍ ራስ ቅል በአንድና በሁለት ቀን ይጨርሳሉ። ከጨረሱም በኋላ አጥንቱን አንድና ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፤ የተደበቀ እጭና እንቁላል አብሮ እንዳይወጣ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለበግ ምን ይሻላል? የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ ለክፍሌ ፈልጌው ነው።

ውሃና ባልዲ፣ እህቴ።

መጀመሪያ ቆዳውን ግፈፊ፣ ምላሱንና ዓይኑን አውጪ፣ የጉንጩን ወፍራም ሥጋ በቢላዋ ቀንሺ። አጥንቱን ግን አትፋቂ፤ የቢላዋ ጭረት አይጠፋም። አንጎሉን ከኋላ፣ አከርካሪው ከሚገጥምበት ቀዳዳ፣ ጫፉን ባጠፍሽው ሽቦ አማስለሽ በውሃ አስወጪው። ከዚያ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከተሽ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ውሃ ሙዪበት። ሌላ ምንም አትጨምሪ፤ ጨውም፣ ሳሙናም፣ በረኪናም። ሥጋውን የሚያሟሙት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ገድለሻቸው ሥራ መጠበቅ አይሆንም።

ዋናው ሙቀቱ ነው። ውሃው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይሠራሉ። ድሬዳዋ ያለ ሰው ባልዲውን ግቢ አስቀምጦ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊጨርስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ሁለት ወርም ያልፋል። እኔ ለዓሣ ማኖሪያ የሚሸጠውን የውሃ ማሞቂያ እከትበታለሁ። ከሌለሽ ጥቁር ባልዲ ፀሐይ ላይ አስቀምጪ፤ ማታ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልይው።

በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ብቻ ደፍተሽ በንጹሕ ተኪ፤ የቀረው ግማሽ እንደ እርሾ ነው። ስትደፊ የግድ በወንፊት ይሁን። ሥጋው ሲሟሟ ጥርሶቹም ስለሚላሉ ከደፍራሹ ጋር ይሄዳሉ። በጉ ወጣት ከሆነ ራስ ቅሉ ራሱ በስፌቶቹ ሊለያይ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ሲደርቅ በአናጢ ነጭ ኮላ ይገጣጠማል። እንዲያውም ለክፍል ተማሪ የተለያየው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሽታውስ? የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ አትሞክረው። ከጎረቤት ያጣላል። ግቢ ያለው ዘመድ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከምጠብቅ አንድ ሰዓት ቀቅዬ በረኪና ባደርግበትስ? አጎቴ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

እኔም የመጀመሪያውን የፍየል ራስ ቅል እንደዚያ ነው የሠራሁት። በዚያው ቀን ወተት መሰለ፤ ለሰው ሁሉ አሳየሁት። ከወራት በኋላ ላነሳው ስል ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ፣ እንደ ጠመኔ። በዓመቱ የአፍንጫው አጥንት በራሱ ረግፎ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት።

አጥንት ድንጋይ አይደለም። ማዕድኑን አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲን አለ፤ በረኪና የሚያጠፋው ያንን ነው። ካጠብከውም በኋላ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው መብላቱን አይተውም። ማፍላቱ ደግሞ ስቡን ወደ አጥንቱ ውስጥ ያሰርገዋል፣ ጥርስ ያሰነጥቃል፣ ስሱን አጥንት ያጣምማል። «አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምንም አይል» እያለ የሚከራከረኝ ጓደኛ አለኝ። የእሱም ራስ ቅሎች ቢጫ ናቸው።

ማንጣት ከፈለግህ ፋርማሲ ሄደህ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዛ፤ ቁስል የሚታጠብበት ነው። ጓንት አድርገህ፣ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳኑን ሳታጠብቅ አንድና ሁለት ቀን ዘፍዝፈው። ጋዝ ስለሚወጣው ጥብቅ ክዳን ሊፈነዳ ይችላል። ቀንዱን ግን አይንካው።

ጥያቄ፦ እኔ በውሃ አጽድቼ ጨርሻለሁ። ግን ላይኛው መንጋጋ ላይ የፊት ጥርሶቹ አንድም የሉም! ውሃውን ስደፋ ጠፍተው ይሆን?

ኧረ አልጠፉም፤ ድሮም አልነበሩም። በግም ፍየልም በሬም ላይኛው መንጋጋ ላይ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ሣሩን ከታች ባሉት 8 ጥርሶችና ከላይ ባለው ጠንካራ ድድ ነው ቆርጠው የሚግጡት። ሙሉ ዕድሜ የደረሰ በግ 32 ጥርስ አለው፤ 20 ከታች፣ 12 ከላይ። ቁጠርና ንገረኝ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቀኛል፤ አንዱማ ባልዲው የተደፋበትን ቦይ ግማሽ ቀን ሲቆፍር ውሎ ነው የመጣው።

ጥያቄ፦ የቀንዱን ሽፋን እንዴት ላውጣው? ደግሞ አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የወደቀ የከብት ቀንድ አይቼ ነበር፤ በላዩ ላይ ጣት የሚመስሉ የአፈር ቱቦዎች በቅለውበታል። ምንድን ነው?

ሽፋኑ እንደ ጥፍር ያለ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ግን አጥንት ነው። ውሃ ውስጥ አንድና ሁለት ሳምንት ሲቆይ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይበሰብስና ጠምዘዝ አድርገህ ስትስበው ይወጣል፤ ለዋንጫ ቀንድ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሽፋኑን ለብቻው አድርቀው። በኋላ መልሰህ ታጠልቀዋለህ።

ቱቦዎቹን በማየትህ ግን ቀናሁብህ! የብል ዘመድ የሆነች አንዲት ትንሽ የእሳት ራት አለች፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ትኖራለች። እንቁላሏን የሞተ እንስሳ ቀንድ ላይ ትጥላለች፤ ትሎቿ ቀንዱን እየበሉ በኩሳቸውና በሐር ክር ቱቦ ይሠራሉ። ቀንድ የሚበላ ፍጡር ብዙ አይደለም። ለግድግዳ ያሰብከው ቀንድ ላይ ካየሃቸው ፍሪዘር ውስጥ ክተተው።

ጥያቄ፦ ጉንዳን ሰፈር ላይ ባስቀምጠውስ? ወይም ብቀብረው?

ጉንዳን ለስላሳውን ይወስድና ጅማቱን ይተዋል፤ ትንንሹን አጥንትም ጥርስም ይዞት ይሄዳል። የግድ ከሆነ በሽቦ ወንፊት ጠቅልለህ ይሁን። ሳትጠቀልል ደጅ ያሳደርከው ጭንቅላት ደግሞ ለጅብ የተሰጠ ነው።

መቅበር ይሠራል፤ ግን ስድስት ወርም ዓመትም ይፈጃል። ቀይ አፈር አጥንቱን ቡናማ ያደርገዋል፤ ያ ቀለም አይለቅም። ቡናማውን የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወድም።

ጥያቄ፦ የጸዳው ራስ ቅሌ ከስምንት ወር በኋላ ቢጫ ሆነ፤ ይሸታል፣ ሲነካም ይቀባል።

ስብ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ ዘፍዝፈው፤ በየሦስትና አራት ቀኑ ውሃው ሲደፈርስ ቀይር። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪቀር ሳምንታት ይፈጃል። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው፤ ማንጣቱ ስለሚያጓጓው።

ጥያቄ፦ ገጠር ያለው የአባቴ በሬ ባለፈው ሳምንት በድንገት ሞተ። ቀንዱ በጣም ትልቅ ስለሆነ ራሱን እንዲያስቀምጡልኝ ልንገራቸው?

አይሆንም! ዛሬውኑ ደውልና ማንም እንዳይነካው ንገር። በድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይበላ፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። የአባ ሰንጋ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጢንዚዛም ባልዲም አያጠፋውም። የውሻ ጭንቅላትም እንዲሁ፤ በምን እንደሞተ የማይታወቅ ውሻ አንጎል ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ይችላልና አትንኩ። ጤነኛ ሆኖ የታረደ እንስሳ ብቻ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ የሥራ ጓደኞቼ አጋዘን ማደን አስተማሩኝ። የመጀመሪያዬን ራስ ቅል በጢንዚዛ ለሚያጸዳ ሰው ልክፈል ወይስ ራሴ ላጽዳው?

እዚያ በጢንዚዛ ማጽዳት መደበኛ ንግድ ስለሆነ ክፈልና ተገላገል። ከዚያ በፊት ግን አጋዘኖችን አንጎላቸውን እያበላሸ የሚገድል፣ በማፍላት የማይጠፋ በሽታ እንዳለ እወቅ። በዚህ ምክንያት ብዙ ግዛቶች ሙሉ ጭንቅላት ከክልል ክልል ማዘዋወርን ይከለክላሉ፤ አንጎሉ ወጥቶ የጸዳ ራስ ቅል ግን ይፈቅዳሉ። የግዛትህን የአደን መሥሪያ ቤት ደንብ አንብብ፤ ምርመራ ካለም አስመርምር።

ጥያቄ፦ አዋሽ አካባቢ የከርከሮ ራስ ቅል ወድቆ አገኘሁ፤ ደርቋል፣ እኔ አልገደልኩትም። ልውሰደው?

ተወው፤ ፎቶ አንሳው። የዱር እንስሳና ከእነሱ የሚገኝ ነገር በአዋጅ የሚተዳደር ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ለትምህርት ቤት ከፈለግኸው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን በደብዳቤ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተሳካልኝ፣ እናቴ ግን «የሞተ ራስ ቤቴ አይገባም» ብላለች። ምን ልበላት?

ምንም አትበላቸው፣ ቤቱ የእሳቸው ነው። የእኔ እናትም እንደዚያው ናቸው፤ የመጀመሪያው ደህና የወጣልኝ በግ እስከ ዛሬ የሚኖረው የከሰል ማስቀመጫው ላይ ነው። ባለፈው ስሄድ በቀንዱ ላይ ሽንኩርት አንጠልጥለውበታል።