ከሌዘሩ በፊት ናሙናው

ልጆቼ፣

እዚህ ጅማ በላቦራቶሪ ሥራ ጠጉሬ ሸብቷል። ወደ ሌዘር ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በሌዘር በተቀሰቀሰ ብርሃን ነገር ከምን እንደተሠራ ወደ መለየት ሥራ የምትገቡ ወጣቶች ስለ መሣሪያው ብዙ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ ግን አደራ የምላችሁ ስለ ናሙናው ነው።

ጥቂት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ብቻ የሚቆይ የሌዘር ምት በሌንስ ተሰብስቦ ናሙናው ላይ ሲያርፍ፣ የነካት ነጥብ ተንና ከ10,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ፕላዝማ፣ ማለትም አተሞቹ ኤሌክትሮን የጣሉ የሚያበራ ጋዝ ትሆናለች። ከዚያም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ቀለም፣ ማለትም በራሱ የሞገድ ርዝመት ያበራል፤ ይህንም መሣሪያው እንደ መስመር ያሳየናል፤ ፖታስየም በ766.5 እና በ769.9 ናኖሜትር፣ ሶዲየም በ589.0 እና በ589.6። በ2012 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ ድንጋይን ከሜትሮች ርቀት የምትመረምረው በዚሁ ዘዴ ነው።

በወጣትነቴ ከአንድ ገበሬ ማሳ የቡና ቅጠል ለቅሜ አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ በመጭመቂያ እንደ ሳንቲም ክብ አድርጌ ለሌዘሩ ሰጠሁት። የሶዲየሙ መስመር ከሁሉም በላይ ተመዞ ወጣ። የቡና ቅጠል ደግሞ ሶዲየም እምብዛም የለውም። ሌሊቱን ሙሉ አፈሩን ስጠረጥር፣ ማዳበሪያውን ስወቅስ አደርኩ። ጠዋት ያቺን ክብ ናሙና መስኮት አጠገብ ይዤ ዘንበል ሳደርጋት፣ ፊቷ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ታትሟል። ላብ ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ሶዲየም አለው። በጓንት እንደገና ስሠራው መስመሩ ወረደ። ለዚያ ገበሬ «አፈርህ ጨው ገብቶበታል» ልለው አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጓንት አድርጉ፤ ሙቀጫውንና ወንፊቱን በየናሙናው መካከል እጠቡ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች የላዩን አቧራ ስለሚጠርጉ ከስሌት አውጧቸው። ቀዩ አፈራችን ብረት የበዛበት ነው፤ የብረት መስመር ደግሞ እንደ ጤፍ የተዘራ ስለሆነ የሌላውን መስመር ይሸፍናል። በአንድ መስመር ብቻ «አገኘሁ» አትበሉ፤ ሁለተኛውን ፈልጉ። እኩል ፖታስየም በቅጠልና በአፈር ውስጥ እኩል አያበራምና፣ ማነጻጸሪያችሁ ይዘቱ የታወቀ፣ ዓይነቱም ከናሙናችሁ ጋር አንድ የሆነ ይሁን።

ዓይናችሁንም ጠብቁ። የሌዘሩ የ1064 ናኖሜትር ጨረር አይታይም፤ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሲያቃጥል ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መነጽሩ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆኑን ጽሑፉን አንብባችሁ አረጋግጡ። «ለአንድ ምት ብቻ ነው» ብሎ መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ካያችሁ፣ ዕድሜውም ማዕረጉም ሳያስፈራችሁ አስቁሙት።