መርፌ ያላስታገሰው ሕመም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእጄ አንጓ ተሰብሮ ጄሶው ከወጣ በኋላ እጄ ያቃጥለኛል፣ ያብጣል፤ ነጠላዬ ሲነካው እንኳ አልችለውም። «ሲአርፒኤስ ነው» (ከጉዳት በኋላ የሚመጣ፣ ከጉዳቱ የበለጠና የማይለቅ ሕመም) ተብሎ አንገቴ ላይ ሦስት ጊዜ የማደንዘዣ መርፌ ተወጋሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ቤተሰቦቼም «ሐሳብ ነው» ማለት ጀምረዋል። አራተኛውን ልወጋ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይህን ለቤተሰብዎ ያንብቡላቸው። መርፌው የሚያደነዝዘው ሲምፓቴቲክ የተባሉትን፣ የደም ሥርንና ላብን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ነው። የአንዳንዱ ሰው ሕመም ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሌላው አይደለም። መርፌው ስላልሠራ ሕመሙ ውሸት አይሆንም። እስቲ ያስታውሱ፦ ከመርፌው በኋላ እጅዎ ሞቆ ነበር? ሞቆ ሕመሙ ካልቀነሰ መርፌው ቦታውን አግኝቷል፤ አራተኛው ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ። ካልሞቀ ሐኪምዎን ስለዚሁ ይጠይቁ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማም የዚህን መርፌ ጥቅም የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

ዋናው ሕክምና እጁን ማሠራት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ጋ ይሂዱ። መስታወት በሁለቱ እጆችዎ መሃል ያቆሙና የታመመውን ከጀርባው ይደብቃሉ፤ ከዚያ መስታወቱን እያዩ ጤነኛውን ያንቀሳቅሳሉ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ አንጎል ግን የታመመው እጅ ያለ ሕመም ሲንቀሳቀስ ያየ ይመስለዋል። ቆዳውንም በጥጥ፣ ሲለምድ በፎጣ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የተባለ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ እንቅስቃሴውን እንዲችሉት ያግዙ ይሆናል እንጂ ብቻቸውን አይበቁም።

ጥያቄ፦ ይኸው ሕመም ያለበትን እጄን ወጌሻ ጠበቅ አድርጎ ቢያስርልኝስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በፍጹም! ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ይብስበታል። በረዶ መያዙም ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ይኸው ሕመም ያለበትን እግሬን ቆርጠው ቢገላግሉኝ ይሻለኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ምሬትዎ ይገባኛል። ነገር ግን እግሩ ተቆርጦም ሕመሙ በቀረው አካል ላይ የሚመለስባቸው አሉ። ሌላው ሁሉ ሳይሞከር አይታሰብም።

ጥያቄ፦ እህቴ ይኸው የእግሯን ሕመም እንዲያስታግስላት አከርካሪዋ ላይ በሽቦ ኤሌክትሪክ የሚልክ መሣሪያ ልታስተክል ነው። ታድርገው? (ከዳላስ)

መልስ፦ የኔዘርላንድስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት መሣሪያው ሕመሙን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲያዩት ግን ከፊዚዮቴራፒ ብቻ ጋር የነበረው ልዩነት ጠቧል። ለእግር ደግሞ ነርቩ ከአከርካሪ በሚወጣበት ቦታ ላይ የሚተከለውን ዓይነት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቅዷል፤ ስለ እሱም ትጠይቅ። ቋሚው ከመተከሉ በፊት ሽቦው ለጥቂት ቀናት ለሙከራ ይገባል። በእነዚያ ቀናት ሕመሟ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ብትተወው ይሻላል። ሽቦው ቢንሸራተት ወይም ባትሪው ቢያልቅ ኢንሹራንሷ ይሸፍን እንደሆነም ከመፈረሟ በፊት ታረጋግጥ።