ዳገት ላይ የሚደክም ሱዙኪ፦ ሞተር ከማስወረድህ በፊት

አንድ የአዲስ አበባ ሹፌር ጥያቄ ልኮልኛል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ያገለገለ የ2018 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው) ሞዴል ሱዙኪ ዲዛየር ገዝቷል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማኑዋል ነው፣ ራይድ ይሠራበታል። ሜዳ ላይ ችግር የለበትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ሞልቶ ሲወጣ ግን «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፤ አንዳንዴም የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» ይላል። ጭስ የለውም፣ ዘይትም አይበላም። ጋራዥ ወስዶ ኮምፕሬሽን ሲያስለካ አራቱም ሲሊንደር ከ150 እስከ 155 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አሳዩ። መካኒኩ «መጽሐፉ የሚለው ወደ 200 ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለው። ጓደኞቹ ደግሞ «ሱዙኪ ቆርቆሮ ነው፣ ሽጠህ ተገላገል» ይሉታል። ምን ላድርግ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስወርድ። የጻፍክልኝ ነገር ሁሉ የሚጠቁመው ወደ ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ወደሚያገናኘውና ወደሚያላቅቀው ክፍል። ግን በቃሌ ብቻ እንዳትሄድ ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳህ።

ከልኬቱ ልጀምር። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ የሳበውን አየር ሲጨምቀው የሚፈጠረው ግፊት ነው። የሚስበው አየር ከሳሳ የሚጨምቀውም ያንሳል። በጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የባሕር ወለል አካባቢን አየር ታሳቢ ያደረገ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ታች ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 200 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 150 እና 155 ቢያሳይ ምንም አይገርምም። ያንተ ሞተር ያሳየው ይህንኑ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ 155 ሆነው አንዱ 110 ቢል ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ያኔም ቢሆን ዝም ተብሎ ሞተር አይወርድም። አነስተኛ ባሳየው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነሳ ቫልቩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ልኬቱ ራሱም ሥርዓት አለው። ሞተሩ መሞቅ አለበት፣ አራቱም ካንዴላ መውጣት አለባቸው፣ ባትሪው ጠንካራ መሆን አለበት፣ ነዳጅ መስጫውም እስከ ታች መረገጥ አለበት። ፔዳሉ ሳይረገጥ ከተለካ አየሩ በደንብ አይገባም፤ ደህናው ሞተር በሽተኛ መስሎ ይታያል። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ደግሞ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስም ያወጣል። ያንተ ሁለቱንም አያደርግም።

አሁን የራስህን አነጋገር መልሰህ አንብበው። «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም።» ጉልበት ያጣ ሞተር እኮ አይጮኽም። ዳገት ላይ ይታነቃል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ እምቢ ይላል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ፣ ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ መሐል ላይ እየጠፋ ነው። መሐል ላይ ያለው ፍሪሲዮን ነው። ሽታውም የሚመጣው ሸራው (የፍሪሲዮኑ ተፋታጊ ዲስክ) ሲንሸራተት ስለሚቃጠል ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሰው የማይበዛበት ቀለል ያለ ዳገት ፈልግ። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ እየሄድክ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገህ ርገጥና ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ የዙሩን ቆጣሪ እይ። ዙሩ በደቂቃ ከ2,500 ወደ 4,000 ዘልሎ የፍጥነቱ ቀስት ካልተከተለው ነገሩ አለቀ። ሌላም መንገድ አለ። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። ይሄንን አንዴ ብቻ ሞክር፤ መደጋገም የቀረችውን ሸራ ይጨርሳታል። የፍሪሲዮን ፔዳሉንም የመጀመሪያ እንቅስቃሴ በእጅህ ጫን አድርገህ እየው። ልል የሆነች ትንሽ ቦታ ከሌለችው ፍሪሲዮኑ ሳትረግጠውም በከፊል ተረግጦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ራይድ የሠራ መኪና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ቢያልቅ አትገረም። ዳገት ላይ ትራፊክ ሲይዘን ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን እያንጠለጠልን የምንቆመው ብዙዎች ነን። ይሄ ሸራ ይበላል። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ማርሽ አውጣ፣ እግርህን አሳርፍ። እግርህን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አሳርፈህ መንዳትም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ «ቆርቆሮ» ልምጣ። ይሄ ስም ሲጠራ እኔን ያመኛል፤ ምክንያቱም ሱዙኪን ሱዙኪ ያደረገው ቅለቱ ነው። የሚያስወድደውም፣ እንጦጦ ላይ የሚያስቸግርህም እሱ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ሚቺዮ ሱዙኪ የሚባለው ሰው በ1909 ሐማማትሱ በምትባል የጃፓን ከተማ ሥራ ሲጀምር የሚሠራው የሽመና ማሽን ነበር። የመጀመሪያውን የሠራው ለእናቱ ነው ይባላል። ሽሮ ሜዳ ላይ ስትቆም ይሄንን አስበው፤ የመኪናህ ስም የመጣው የሸማኔ ዕቃ ከሚሠራ ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1952፣ ድርጅቱ 36 ሲሲ የሆነች ትንሽ ሞተር የተገጠመላት ብስክሌት አወጣ። በ1955 ደግሞ የመጀመሪያ መኪናው ሱዙላይት መጣች። ሞተሯ 360 ሲሲ ብቻ ነው፤ የጃፓን መንግሥት ለትንንሽ መኪኖች ያወጣው ልክ ነበር። ጉልበቷን ለፊት ጎማ ነበር የምትሰጠው፣ ይሄም ለዚያ ዘመን ድፍረት ነው። ገበያ ከመውጣቷ በፊት መሐንዲሶቹ ናሙናዎቹን ከሐማማትሱ ተነሥተው የሐኮኔን ተራራ አቋርጠው ቶኪዮ ድረስ ነዷቸው። በ360 ሲሲ ተራራ የሚወጣው መኪናው ቀላል ከሆነ ብቻ ነው። ይሄንን ትምህርት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልረሱትም።

በ1979 አልቶ ወጣች። ያኔ ድርጅቱን የሚመራው ኦሳሙ ሱዙኪ ነበር፤ እያንዳንዱን ብሎን «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። የአልቶ ዋጋ 470 ሺህ የን ሆነ፣ ጃፓን ጉድ አለች። ዘዴው ግልጽ ነው። የማያስፈልገውን ሁሉ አወጡ፣ መኪናዋንም በሥራ መኪና መደብ አስመዝግበው ቀረጡን አስቀሩ። በ1983 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ማሩቲ 800 ማምረት ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ለገዢው የሰጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ነበሩ። ያንተም ዲዛየር የሕንድ ልጅ ነው። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ጉድጓዱ፣ አቧራው፣ ሰው ሞልቶ መሄዱ ሁሉ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። ዕቃው በቀላሉ እንዲፈታ፣ ነዳጁ እንዲቆጥብ የተደረገው ለዚያ ገበያ ነው።

የመንዳት ደስታው ግን በደንብ የመጣው በ2004 በወጣው ስዊፍት ነው። በአውሮፓ መንገዶች ላይ ነድተው ነው መሪውንና ሱስታውን ያስተካከሉት። የእሱን ልጆች የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ መሪውን ትንሽ ስታዞር አፍንጫው ወዲያው ይታዘዝሃል። ዲዛየር ማለት የኋላ ዕቃ መጫኛ የተጨመረለት ስዊፍት ነው። በ2017 የወጣው ያንተ ዓይነት አዲስ ሻሲ ተሠርቶለት ከቀድሞው በብዙ ኪሎ ቀለለ። ማኑዋሉ ባዶውን 900 ኪሎ አይሞላም። ለዚህ ነው 1.2 ሊትር ሞተር ይዞ ቦሌ መንገድ ላይ ሲጫወት የምታየው። ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ሱስታውም የሚሸከሙት ክብደት ትንሽ ስለሆነ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ጓደኞችህ እውነት የሚኖራቸው አደጋን በተመለከተ ብቻ ነው። መኪኖችን በግጭት የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ የተባለ ድርጅት በ2018 ለሕንድ ገበያ የተሠራውን ስዊፍት ፈትኖ የሰጠው ከ5 ኮከብ 2 ነበር። በ2024 የወጣው አዲሱ ዲዛየር 5 ኮከብ አግኝቷል፣ ያንተ ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ቀበቶ እሰር፣ ከኋላ ያሉትንም አሳስራቸው፣ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ፍጥነትህን ያዝ። ይሄን የምልህ አክብጄ ነው።

ፍሪሲዮኑ ተሠርቶም እንጦጦ ላይ የሚቀር ድካም አለ። ሒሳቡን እንሥራው። ሞተሩ ባሕር ወለል ላይ 83 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። አየር አጭቆ የሚያስገባ ተርቦ የለውም፣ የሚኖረው በሚስበው አየር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ65 ብዙም አይበልጥም፤ እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 60 ይወርዳል። አንተን ጨምሮ አምስት ሰው ሲቀመጥ ደግሞ 350 ኪሎ ያህል ተጨመረ። ላንድክሩዘር ላይ 350 ኪሎ አይሰማም። 900 ኪሎ የማይሞላ መኪና ላይ ግን ከክብደቱ ሲሶ በላይ ነው። መኪናው ታሞ አይደለም፤ የቀላል መኪና ጠባዩ ነው።

መፍትሔው አነዳዱ ላይ ነው። ይሄ ሞተር ከፍተኛውን የመጎተት ኃይሉን የሚያገኘው 4,200 ዙር አካባቢ ነው። ብዙ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በሦስተኛ፣ በ1,800 ዙር እያቃሰተ ይወጣል። ያ ቁጠባ አይደለም፣ ሞተሩን ማሠቃየት ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ቀንስ፣ ዙሩን ከ3,000 እስከ 4,000 መሐል ያዘው። ይጮኻል፣ ይጩኽ። ለዚያ ነው የተሠራው። የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፋ፤ እንጦጦ ላይ መስኮት መክፈት ይበቃል። ስትወርድም በዚያው ማርሽ ውረድ። ማርሽ ዜሮ አድርጎ መንሸራተት ፍሬኑን አግሎ ያሳጣሃል፤ ደግሞም ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳትሰጥ ስትወርድ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስለሚዘጋው ቁጠባውም ያለው እዚያ ነው።

ጋራዥ ከገባህ አይቀር ትንንሾቹን ነገሮች አብረህ አሳይ። የአየር ፊልትሮው በእኛ አቧራ ቶሎ ይዘጋል፤ ወደ ብርሃን አንሥተህ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው) ጥቁር ቅባት ይዞ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይጠብ። ጃክ ስታደርገው ጎማው በእጅ ሲገፋ በነጻነት መዞር አለበት፤ የሚይዝ ፍሬንም ጉልበት ይሰርቃል። የኋላ ወንበሩን ሥርና ዕቃ መጫኛውንም ፈትሽ። ሁለተኛ መለዋወጫ ጎማ፣ የዕቃ ሳጥን፣ የውሃ ጀሪካን የሚጭን ሰው አለ። ከዚህ መኪና ላይ 40 ኪሎ ብትቀንስ ዳገት ላይ ይታወቅሃል።

ለፍሪሲዮኑ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋው ስለሆነ ሸራውን ብቻ አታስቀይር። ሸራው፣ ስፒንጂዲስኮው (ሸራውን የሚጫነው ክፍል) እና ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚገፋው ቤሪንግ) አብረው ይቀየሩ። ካምቢዮው ሲወርድ አንተም ቁመህ እይ። ቮላኖው (ሸራው የሚለጠፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ቦይ የመሰለ ጭረት ካለው ቶርኒዮ ቤት ሄዶ ይላግ፣ ካልሆነም ይቀየር። አካባቢው በዘይት ከራሰ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ ጎማ) ወይም የካምቢዮው እያፈሰሰ ነው። እሱን ሳይቀይሩ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ ዳግመኛ ይንሸራተታል። አሮጌውን ሸራ ይዘህ ውጣ። ሪቬቱ (ሸራውን የያዘው የብረት ምስማር) ላይ እስኪደርስ አልቆ ካየኸው የሞተሩ ጉዳይ ተዘግቷል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በቀስታ ንዳ፣ አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር ይላመድ።

ልትሸጥ ከፈለግህም ከዚህ ሥራ በኋላ ሽጥ። «ሞተሩ ሊወርድ ነው» የተባለ መኪና ይዘህ ገበያ ብትወጣ ደላላው ግማሽ ዋጋ ነው የሚጠራልህ። በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የሸጥከውን የሚተካ ሌላ የቤንዚን መኪና በቀላሉ አታገኝም። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አልሸጠውም።