የሞተር ዘይት ጠቆረ ማለት አረጀ ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቤንዚን የምትሠራ አነስተኛ የቤት መኪና አለችኝ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የሞተር ዘይት በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየዓመቱ እንዲቀየር ያዛል። ዘይቱ ግን ከተቀየረ 3,000 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላው ይጠቁራል። መካኒኬ ስለጠቆረ ቶሎ ይቀየር ይላል፤ ወዳጆቼ ደግሞ ገንዘብህን አታባክን ይሉኛል። መኪናዋን በአብዛኛው የምነዳት ከቤት ወደ ሥራ ሲሆን፣ መንገዱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ማንን ልስማ?

መልስ፦ መካኒክዎ የሰጡት ምክር ትክክል ነው፤ ያቀረቡት ምክንያት ግን አይደለም።

በሞተር ዘይት ውስጥ ልዩ ልዩ ኬሚካዊ ቅመሞች ይጨመራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በፒስተኖችና በፋሻዎቻቸው (ፒስተኖቹን በሚከቡት ቀለበቶች) ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ ያጥባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የታጠበው ጥላሸት ተጠራቅሞ እንዳይዘቅጥ በዘይቱ ውስጥ በደቃቁ በትነው ያቆዩታል። ስለዚህ ቶሎ የሚጠቁር ዘይት ብዙውን ጊዜ ሥራውን እየሠራ ያለ ዘይት ነው፤ በናፍጣ ሞተርማ አዲስ ዘይት ወዲያው መጥቆሩ የተለመደ ነው። በአንጻሩ መልኩ ገና ያልጠቆረ ዘይት ቅመሞቹ ተሟጠው ሊገኝ ይችላል፤ ይህንን ደግሞ ዓይን አይለየውም።

እኔን ያሳሰበኝ በጥያቄዎ መጨረሻ የጠቀሱት 4 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በፋሻዎቹ በኩል ሾልኮ ከዘይቱ ይቀላቀላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ይህ ውሃና ቤንዚን ተንኖ ይወጣል። በአጭር ጉዞ ግን ዘይቱ ለዚያ የሚበቃ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሞተሩ ይጠፋል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የሙቀት መለኪያ የራዲያተሩን ውሃ እንጂ የዘይቱን ሙቀት ስለማያሳይ፣ መርፌው መሃል ደረሰ ማለት ዘይቱም ሞቀ ማለት አይደለም። ይህ ሲደጋገም ቤንዚኑ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ እርጥበቱ አሲድ እንዲፈጠር ያግዛል፣ አሲዱን የሚያረክሱት ቅመሞችም ከጊዜያቸው በፊት ያልቃሉ።

መመሪያ መጽሐፍዎን እንደገና ቢገልጡት፣ ለከባድ አገልግሎት የተዘጋጀ ሌላ ሠንጠረዥ ሳያገኙ አይቀሩም። ብዙ ሰው ከባድ አገልግሎት ሲባል ጭነት ብቻ ይመስለዋል፤ አምራቾች ግን አጭር ጉዞን፣ አቧራማ መንገድን፣ ሞተሩ እየሠራ ለረጅም ጊዜ መቆምንም በዚሁ ውስጥ ይመድባሉ። በዚያ ሠንጠረዥ የሚታዘዘው ርቀት ብዙ ጊዜ የመደበኛውን ግማሽ ያህል ነው። እርስዎ መከተል ያለብዎት እሱን ነው። ዘይቱ በተቀየረ ቁጥር ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። በሳምንት አንድ ጊዜ መኪናዋን ረዘም ላለ መንገድ መንዳትም ይጠቅማል።

በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ስስ ነጭ አረፋ ካዩ ከዚሁ እርጥበት የመጣ ሊሆን ይችላል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ የራዲያተር ውሃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር አይነዳ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ብዙ የተነዳች ስለሆነች ዘይት ትበላለች። በ5ደብሊው-30 ፈንታ ወፍራም የሆነውን 20ደብሊው-50 ልጠቀም?

መልስ፦ መጀመሪያ ዘይቱ የት እንደሚሄድ ይታወቅ። ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥገናው ቀላል ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሚታይ ከሆነ ግን ፋሻዎቹ ወይም የቫልቮቹ ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱት ላስቲኮች) አልቀው ይሆናል፤ ወፍራም ዘይት ደግሞ ጉዳቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋናው ዘንግ) ከተሸካሚዎቹ ጋር አይነካካም፤ በሁለቱ መካከል ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ሞተሩ የተሠራው ያ ክፍተት ከአንድ የተወሰነ የዘይት ውፍረት ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ነው። ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ ብዙው መፋተግ የሚደርሰውም በዚያች ቅጽበት ነው። መመሪያ መጽሐፉ ከአንድ በላይ ደረጃ የሚፈቅድ ከሆነ ከተፈቀዱት መካከል ወፈር ያለውን መምረጥ ይችላሉ። ከዚያ ውጪ መውጣትን አልመክርም።

እስከዚያው የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ ይለኩ። መኪናዋ ለጥ ባለ ቦታ ቆማ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዘንጉን አውጥተው ይጥረጉት፤ መልሰው ከተው እንደገና ያውጡትና ያንብቡ። ሲጨምሩም ከላይኛው ምልክት አይለፉ፤ የበዛ ዘይት ከኮሎው ጋር እየተመታ አረፋ ስለሚሠራ በአግባቡ አያለሰልስም።

ጥያቄ፦ ቀዩ የዘይት መብራት እየነዳሁ ሳለ ቢበራ ጋራዥ እስክደርስ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። መብራቱ የሚያመለክተው የዘይቱ ግፊት መውደቁን ነው፤ ያለ ግፊት ደግሞ ያ የዘይት ሽፋን ስለሚጠፋ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል። አደጋ በማያስከትል ቦታ ዳር ይያዙና ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፉ፤ ከዚያም የዘይቱን መጠን ይለኩ። ጎድሎ ከሆነ ሞልተው ያስነሱት። መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋ፣ ወይም መጀመሪያውንም ዘይቱ ያልጎደለ ከሆነ፣ መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ።