ውለታ ሌላ፣ አመኔታ ሌላ

ልጆቼ፣ በኮምፒውተር ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። አብዛኛውን ዕድሜዬን የኖርኩት እዚህ ቨርጂኒያ ነው። ስለ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስትከራከሩ እሰማለሁ። ግማሻችሁ ታመልኳቸዋላችሁ፣ ግማሻችሁ ትረግሟቸዋላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ አይደለም። ጭንቅ የመጣ ዕለት ሁላችሁም አቋማችሁን ትለውጣላችሁ፤ መለወጣችሁም አይታወቃችሁም። በራሴ ስለደረሰ ነው የማውቀው።

ማርች 2018 (ዓመቱን በፈረንጆች እቆጥራለሁ) የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ለፖለቲካ ቅስቀሳ የሰበሰበው የካምብሪጅ አናሊቲካ ኩባንያ ጉድ ወጣ። እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ አላግባብ ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል ፌስቡክ ራሱ ተናገረ። ልጄ እራት ላይ ስልኩን አውጥቶ አካውንቱን ዘጋ። እኔም አበጀህ አልኩት። አገሩም እንደዚያው ነበር። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ፒው የምርምር ማዕከል በ2015 ሲጠይቅ፣ ከመቶ አሜሪካውያን 71ዱ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለአገር በጎ ያደርጋሉ ብለው ነበር። በ2019 ወደ 50 ወረደ።

ከዚያ ማርች 2020 መጣ፤ ኮሮና ሁላችንንም ቤት ዘጋብን።

በኤፕሪል አንድ የእድራችን አባል ወንድሙ አዲስ አበባ አረፈ። በደጉ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ። አሁን ግን ደጃፉን የሚረግጥ የለም። በቪዲዮ ተሰበሰብን። ስክሪኑ በትንንሽ መስኮቶች ተሞላ። አንዱ ጋሼ ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው። አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ስልካቸውን በስኳር ዕቃ አስደግፈው፣ ድምፃቸው መዘጋቱን ሳያውቁ ያለቅሳሉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ምንም አንሰማም። አንድ ልጅ «እማማ፣ ማይኩን ይክፈቱት» አላቸው። ከፈቱት። ለቅሷቸው በየቤታችን ገባ። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን።

ያን ማታ ይህን መሣሪያ የሠሩትን ሰዎች ከልቤ መረቅሁ። ዛሬም ምርቃቴን አልመልስም። ነገር ግን ሌሎች ሰዎች ፕሮግራም ከመጫናቸው በፊት ውሉን እያነበብኩ የማስረዳ ሰው፣ ያን ዕለት አንድ መስመር ሳላነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኜ ነበር።

ብቻዬን አልነበርኩም። ዲሴምበር 2019፣ በቪዲዮ በተሰበሰብንበት በዙም ላይ በቀን የሚቆጠረው የስብሰባ ተሳታፊ 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በኤፕሪል 300 ሚሊዮን ደረሰ። አማዞን በማርች 100,000፣ በኤፕሪል ደግሞ ተጨማሪ 75,000 ሠራተኛ እቀጥራለሁ አለ። የመንግሥት የሥራ አጥ ድጎማ ድረ ገጾች በሰው ብዛት ሲወድቁ፣ የኩባንያዎቹ በአብዛኛው አልወደቁም። ሰው ደግሞ በጭንቅ ቀን በሩን የከፈተለትን አይረሳም። ይሄ ባህሪያችን ነው፣ መጥፎም አይደለም። ክፉው ነገር፣ የተዋለልንን ውለታ እንደ ምስክር ወረቀት መቁጠራችን ነው። ጠቀመኝ ማለት ታማኝ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ዙም ስለ ምስጠራው (ንግግራችንን ሌላ ሰው እንዳይሰማው ስለሚቆልፈው ዘዴ) ጥንካሬ ቢያንስ ከ2016 ጀምሮ ተጠቃሚዎችን አሳስቷል ብሎ ከኩባንያው ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። እኛ ስንመርቀው የነበረው ይሄንኑ ኩባንያ ነው።

ልብ ያለው ሰው ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይችላል። በዚያው በ2020 ክረምት፣ ፒው ከጠየቃቸው አሜሪካውያን 72 ከመቶዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በፖለቲካ ላይ ያላቸው ሥልጣን በዝቷል ብለዋል። ጁላይ 29 የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግልና የፌስቡክ ኃላፊዎች በኮንግረስ ሲጠየቁ አየሁ። የቀረቡት በቪዲዮ ነበር። ያመሰገንናቸውን በዚያው በቪዲዮ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

ንዴትም እንደ ምስጋና ያታልላል። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። የሰው ሁሉ ቁጣ «መቼ ነው የሚመለሰው?» ነበር። በማግስቱ የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን ሴኔት ፊት ቀርባ፣ የፌስቡክ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያቀጣጠለ ነው አለች። የአገሬ ስም በዚያ አዳራሽ ሲጠራ ተቀምጬ መስማት አቃተኝ፤ ተነስቼ ቆምኩ። ሰኞ ተመለስልን ብለን የለመንነው፣ ማክሰኞ የተከሰሰው፣ ያው አንድ ነገር ነው። በአንድ ሌሊት የተለወጠው እኛ ፊት የቀረበው ጥያቄ ነው።

እዚያ ለመቀጠር የምትመኙም አላችሁ። ተቀጠሩ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ግን በችግሩ ጊዜ በገፍ ከቀጠሩት መካከል ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) በ2022 መጨረሻ 11,000፣ ጉግል በ2023 መጀመሪያ 12,000 ሰው ቀንሰዋል። ስታቅዱ ይህንን አስቡት።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ደብተር አለኝ። በጥድፊያ የጫንኩትን ሁሉ ከነቀኑ፣ ምን ፈቅጄ ምን እንዳገኘሁ እጽፋለሁ። ስድስት ወር ሲሞላ ስልኬን ይዤ ቁጭ እላለሁ። የማያስፈልገውን ፈቃድ እነጥቃለሁ። የጠቀመኝን አቆያለሁ። እናንተም የራሳችሁን መስመር በሰላሙ ቀን አስምሩ። ጭንቅ ሲመጣ የማሰቢያ ጊዜ አይኖራችሁም።

ባለፈው ፋሲካ እኚያ እናታችን ቤት ሄጄ ነበር። አዲስ አበባ ካለችው እህታቸው ጋር በቪዲዮ አገናኘኋቸው። እንኳን አደረሰሽ ተባብለው ጠገቡ። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠየቁኝ።

«ይሄ ማይክ እንዲህ ክፍት ሆኖ ነው እንዴ የሚውለው?»

ፈቃዱ የሚሰጥበትንና የሚነሳበትን ቦታ አሳየኋቸው።

«በል ዝጋልኝ። ስደውል ራሴ እከፍተዋለሁ» አሉኝ።