በርበሬው ከ400 ወደ 500 ሲገባ ጭማሪው 25% ነው ወይስ 20%?

እታለም፣ ጥያቄሽን አየሁት። «በርበሬ ኪሎው ከ400 ብር ወደ 500 ገባ፤ ባለቤቴ 25% ጨመረ ይላል፣ ጎረቤቴ 20% ትላለች፤ ማናቸው ልክ ናቸው?» ነው ያልሽው።

ባለቤትሽ ነው ልክ። የጨመረው 100 ብር ነው፤ እሱን ለድሮው ዋጋ ለ400 አካፍይና በ100 አባዢው፤ 25 ይመጣል። ጎረቤትሽ ለአዲሱ ዋጋ ለ500 አካፍላው ነው። የእሷም ቁጥር ግን ከንቱ አይዶለም፤ በ400 ገዝተሽ በ500 ከሸጥሽ፣ ትርፍሽ ካወጣሽው ላይ 25%፣ ከሽያጩ ላይ ደግሞ 20% ነው። ሽርክና ስትገቢ «ትርፉ ይህን ያህል ፐርሰንት» ካሉሽ «ከምኑ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ።

እኔ ይህን የተማርሁት ከስሬ ነው። ቡሬ እህል ስነግድ፣ በ4,000 ያስገባሁት በቆሎ ኩንታሉ 5,000 ገባ። የአጎቴ ልጅ መጣና «ትርፉን ተውልኝ፣ በገዛህበት ስጠኝ» አለኝ። 25% ጨምሮ የለ? 25% ልቀንስለት ብዬ ስልኬ ላይ 5,000 ሲቀነስ 25% መታሁ። 3,750 አለኝ። የገበያ ቀን ነው፤ ተሸካሚው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ወዴት ልውሰደው?» እያለ ይጮህብኛል። ቁጥሩን ልብ ሳልለው 12 ኩንታል ጫንሁለት። ማታ ደብተሬን ሳይ 3,000 ብር ጎድሏል። ለካ ወደ 4,000 ለመመለስ መቀነስ የነበረብኝ 20% ብቻ ነው፤ ሲወርድ መነሻው 5,000 ነዋ! መልስልኝ ለማለት አፈርሁ። እሱማ እስከ ዛሬ «እንዳንተ ያለ ደግ ነጋዴ የለም» ይለኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅም ይኸው ነገር ነበር። ዶላር በንግድ ባንክ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ሰዉም «ብር 30% ወደቀ» አለ። 30% የወጣው ዶላሩ ነው፤ ብሩ ያጣው 23% ገደማ ነው።

ደረሰኝ ላይም እንዲሁ ተጠንቀቂ። ቫት 15% ነው፤ ግን ቫቱ ተካቶበት 11,500 ብር ከከፈልሽ፣ ዋናውን ዋጋ ለማወቅ 15% አትቀንሺ፣ 9,775 ብሎ ያሳስትሻል። ለ1.15 አካፍይው፤ ዋናው 10,000፣ ቫቱ 1,500 ነው።

ብድር ካለብሽ ደግሞ፣ ወለዱ ከ12% ወደ 15% ሲወጣ «3% ብቻ ናት» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። በ100,000 ብር በዓመት 12,000 ትከፍይ የነበረው 15,000 ሆነ ማለት ነው፤ የምትከፍይው ወለድ በሩብ ጨመረ።

የስልክሽን የፐርሰንት ቁልፍ ሳታምኚው በፊት 400 ሲደመር 25% ብለሽ ፈትኚው። 500 ካላለሽ (400.25 የሚል ስልክ አለ) ተይውና 400ን በ1.25 አባዢ።