አድራሻው አለ፣ መልስ የለም

ጥያቄ፦ ለጥናቴ ሊንክድ ዳታ (በድር ላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ዳታ) እየሰበሰብኩ ነው። ስፓርክል በሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ዳታው የሚጠየቅባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር አግኝቼ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ብዙዎቹ አይከፈቱም። የሚሠሩትን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ድካምዎ ይገባኛል። እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዤ የተዘጋ በር ሳንኳኳ ውዬ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የስፓርክል አድራሻ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ የፈለገውን ጥያቄ የሚልክበት በር ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ ሰርቨሩን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ደግሞ ተንከባካቢ ይጠፋል፤ አድራሻው ግን ዝርዝሩ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከዝርዝሩ ሳይሆን ከዳታው ባለቤት ይጀምሩ። ገጹ ላይ ቮይድ የሚባለውን መግለጫ ፋይል ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የደብሊው ስሪ ሲ (የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት) ሰነድ የፋይሉን ይዘት ብቻ ሳይሆን ሳይቱ ውስጥ የት ቢቀመጥ እንደሚሻልም ይናገራል። ውስጡ ስፓርክል ኤንድፖይንት የሚል መስመር ካለ፣ አድራሻውን ከባለቤቱ እጅ አገኙ ማለት ነው። ፋይሉን የማያስቀምጡም አሉ፤ ያኔ የዳታውን ማብራሪያ ገጽ ማንበብ ነው።

አድራሻውን እንዳገኙ በትልቅ ጥያቄ አይጀምሩ። መጀመሪያ «አስክ» በሚለው ትእዛዝ አንድም ትሪፕል (ሦስት ክፍል ያለው አንድ የዳታ ዓረፍተ ነገር) መኖሩን ብቻ ይጠይቁ። መልሱ እውነት ወይም ሐሰት ነው። እውነት ካለ፣ «ሊሚት» በሚለው ትእዛዝ 10 መስመር ብቻ ያስመጡና በዓይንዎ ይዩት። ያለውን ሁሉ ቁጠርልኝ ማለት ለኋላ ይቆይ።

አንድ ነገር አደራ። አንድ ጊዜ ውጤቴ ልክ 10,000 መስመር ሆኖ መጣ። ሙሉው መስሎኝ ሠንጠረዥ ሠራሁበት። ለካ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው እስከዚያ ብቻ ነበር። ምንም ማስጠንቀቂያ አላየሁም። ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ። ቁጥሩ እንዲህ ድፍን ብሎ ሲመጣ ይጠርጥሩ። ውጤቱን «ኦርደር ባይ» በሚለው ትእዛዝ ደርድረው፣ ያገኙትን መስመሮች በሚዘለው «ኦፍሴት» ቀሪውን ያስመጡ።

እጅዎን ለማፍታታት ዊኪዳታ የሚባለው ክፍት የዳታ ቋት ጥሩ ነው። አንድን ጥያቄ ከ60 ሰከንድ በላይ አያስኬድም። ስለ ፕሮቲን ከሆነ ዩኒፕሮት አለልዎ። አገልግሎቱ የሞተበት ዳታም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚወርድ ፋይል አለው፤ አውርደው የራስዎ ኮምፒውተር ላይ አፓቼ ጄና በሚባለው ሶፍትዌር መጠየቅ ይችላሉ። የጥናትዎን ዘርፍ ቢጽፉልኝ ለእሱ የሚሆነውን አብረን እንፈልጋለን።